ሰው በአንድ ቃል አያልቅም

ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አልጠፉም። አንዳንዶቹ «ያልተደረገውን ነገር እንደ ተደረገ አስመስሎ መጻፍ ከውሸት በምን ይለያል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ወጣት ልብ ወለድ ሲያበዛ ሐሳቡ ይበተናል፤ ሥራ ይጠላል፤ በማያውቀው ሰው ፍቅርና ኀዘን ይቃጠላል» ይላሉ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመምህርነት ሳገለግል ይህን አነጋገር ከወላጆችም፣ ከሥራ ጓደኞቼም፣ ከራሳቸው ከተማሪዎቹም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አነጋገሩንም በከንቱ አልንቀውም፤ በእውነት ሐሳብን ከመበተን በቀር ሌላ ፍሬ የሌላቸው መጻሕፍት አሉና። ነገር ግን እንክርዳድ አለ ተብሎ ስንዴ መዝራት አይተውም። የሚያስፈልገው ወንፊት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግዚአብሔር ዕድሜና የዓይን ብርሃን ስለ ሰጠኝ የማንበቢያ ጊዜ አላጣሁም። ካለፈው መስከረም ጀምሮ አምስት ልብ ወለዶችን፣ አንዳንዶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዳንዶቹንም ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ አነበብሁ። በዚህች ጽሑፍ ስለ እነርሱ የተሰማኝን ላጫውታችሁ እወዳለሁ። የምናገረው እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ አንድ አንባቢ ስለሆነ፣ ከእናንተ መካከል መጻሕፍቱን አንብቦ ከእኔ የተለየ አስተያየት ያለው ቢገኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

የእኔ ወንፊት ይህ ነው። አንድ መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ «ይህ መጽሐፍ ሰውን በአንድ ቃል ጨረሰው ወይስ ሰው በአንድ ቃል የማያልቅ ፍጥረት መሆኑን አሳየኝ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ደጉን «ደግ» ብሎ፣ ክፉውን «ክፉ» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ቋንቋው ምንም ቢያምር ከአእምሮዬ ቶሎ ይወጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ እያደር ይቀላል። መልካሙ ልብ ወለድ ግን እያደር ይከብዳል። ስለዚህም ከውሸት የሚለይበት ምልክቱ ይህ ይመስለኛል።

ይህን ወንፊት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ከአንድ ተማሪ ገንዘብ ጠፋ። ነገሩ ገና ሳይጣራ በመጀመሪያው ቀን አንድ የድኻ ልጅ «ሌባ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ በባለቤቱ ደብተር ልባስ ውስጥ ተገኘ። ገንዘቡ ተገኘ እንጂ የልጁ ስም አልተገኘም። እኔ በክፍሉ ፊት አቁሜው ንጹሕ መሆኑን ተናገርሁ፤ የክፍል ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። ነገር ግን በኳስ ሜዳ ላይ በተናደዱበት ጊዜ ሁሉ ያችኑ ቃል ያነሡበት ነበርና በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉ አበው እውነታቸውን ነው።

በክፍል ውስጥ በአንድ ልጅ ላይ የሆነው ነገር በአገር ላይም ይሆናል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ዛሬ ግን በየስልኩ ላይ አንዱ ለሌላው የሚያወጣለትን ስም መልአክ ያወጣዋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ዓይኑን ያላየነውን፣ ድምፁን ያልሰማነውን ሰው በተወለደበት ቀበሌ፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ በሚደግፈው ወገን ምክንያት በአንዲት ቃል ጠርተን ፋይሉን እንዘጋለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ጊዜ፣ ከጥይቱ ጋር ስድቡም ሲተኮስ ሁላችንም ሰምተናል። ሰው ሰውን ለማጥፋት ከመነሣቱ በፊት አስቀድሞ በልቡ ውስጥ ያሳጥረዋል። ባጠረ መጠን ለመጣል ይቀላልና። እንግዲህ ሰውን ሳያሳጥር የሚያሳየን መጽሐፍ ምን ያህል ባለ ውለታችን እንደሆነ ከዚህ ላይ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ፤ ከጥንቱም ልጀምር። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በተባለው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ዛሬ እኛ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። በጦርነት የተማረከ አባት፣ ለአባቱ የሚንከራተት ወንድም፣ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር የምታቋርጥ እኅት በውስጡ አሉ። አማርኛው እንደ ማር የሚጣፍጥ ነው። ነገር ግን ደጎቹ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያው ደጎች ናቸው። እነርሱን ሳነብ ደግነትን አመሰግናለሁ፤ ደግ ለመሆን ሰው ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚታገል ግን አላይም። ይህን ስል ደራሲውን ለመንቀፍ አይደለም። ገና መንገድ በሌለበት ዱር ገብቶ ጥርጊያ ያወጣን ሰው፣ ለምን ድልድይ አልሠራህም ብሎ መክሰስ አይገባም።

ድልድዩን የሠሩት ሌሎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያህል ማን ነው? በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዘንድሮ ለአራተኛ ጊዜ አነበብሁት። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በወጣትነቴ አስለቅሰውኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ዓይኔን የያዙት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አገር ውስጥ ያጡ፣ ገባሮቻቸውን የሚያስጨንቁ መኰንን ናቸው። ሰውየው ያስቁናል፤ ያናድዱናልም። እኔ ወጣት በነበርሁበት በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. እንዲህ ላለው ሰው የተዘጋጀች አንዲት ቃል ነበረች፤ እርሷም «ፊውዳል» የምትባለው ናት። ቃሏ ከተነገረች በኋላ ስለ ሰውየው ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

አባቴ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን እስከ ታወጀበት ቀን ድረስ፣ በበሬው ከደከመበት እህል ላይ ለባለ መሬቱ ሲያካፍል ኖሯል። ማንበብና መጻፍ አያውቅም። በኋላ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ያንን መጽሐፍ ሲተርኩት፣ አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንዲት ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ባላገሮቹ አምፀው ፊታውራሪን የማረኩበት ክፍል በተነበበ ዕለት እኔም ለዕረፍት መጥቼ ከመካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ። አባቴ ግን ዝም አለ። ቤት ስንገባ ምነው ብዬ ብጠይቀው «የጌታ መዋረድ ያስደስተኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ለካ እሳቸውም ከዘራቸው በቀር ሌላ ሀብት አልነበራቸውም» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «መሬቱን ይመልሱላቸው ብትለኝ ግን እሺ አልልም» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ትችት አንብቤአለሁ፤ ከአባቴ ቃል የበለጠ ግን አላገኘሁም። አንድ ጭሰኛ በአንድ ጌታ ውድቀት ላይ እንዲያዝን ያደረገው ምንድን ነው? ደራሲው ፊታውራሪን ሳያቆላምጡና ክፋታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ፍርሃታቸውን ጭምር ስላሳዩት ነው። ሁሉ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ጉዱ ካሣ ሲናገር አንዳንድ ጊዜ የምሰማው የራሳቸውን የደራሲውን ስብከት ነው። ሰብለ ወንጌልም ስትወድና ስታዝን በብዙ እናያታለን እንጂ ብቻዋን ሆና ስታስብ የምንሰማት በጥቂቱ ነው። ሆኖም በመጨረሻ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ከጉዱ ካሣ ረዥም ንግግር ሁሉ የበለጠ ተናግራለች።

ሦስተኛው መጽሐፍ ከአገራችን ውጭ የተጻፈ ነው። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው፣ «ቲንግስ ፎል አፓርት» የሚባለው፣ ትርጓሜውም «ነገር ሁሉ ሲፈራርስ» እንደ ማለት የሆነው መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ ሳነብ ልቤ በጣም ተጨነቀ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ፊደል የቈጠርሁት ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጬ ነው፤ ሒሳብንና እንግሊዝኛን ያስተማሩኝ ግን ፈረንጆች ናቸው። አባቴ ወደዚያ በሰደደኝ ጊዜ ጎረቤቶቻችን «ልጁን ለፈረንጅ ሸጠው» እያሉ ያሙት ነበር። እርሱ ግን መልስ ሳይሰጥ ወር በገባ ቁጥር ቆሎና ድርቆሽ በስልቻ ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር።

በአቼቤ መጽሐፍ ውስጥም አንድ አባትና አንድ ልጅ አሉ። አባትየው ኦኮንክዎ ብርቱ ገበሬና የታወቀ ታጋይ ነው። የእርሱ አባት ዑኖካ ዋሽንት ወዳድ፣ ሥራ ጠል፣ ባለ ዕዳ ሆኖ ስለ ሞተ፣ ኦኮንክዎ በዕድሜው ሁሉ እንደ አባቱ እንዳይሆን ይፈራል። ይህ ፍርሃቱ ጨካኝ አደረገው። በቤቱ ያደገውንና «አባዬ» የሚለውን ኢኬሜፉና የሚባለውን ልጅ መንደሩ እንዲገደል በፈረደበት ጊዜ፣ እጅህን አታስገባ ተብሎ በሽማግሌ ተመክሮ ሳለ፣ ፈሪ እንዳይባል ሲል ራሱ መታው። ልጁ ንዎዬ ይህን አልረሳም። ሚሲዮኖች መጥተው በጨለማና በፍርሃት ስለ ተቀመጡ ወንድማማቾች የሚናገር መዝሙር ሲዘምሩ፣ ለሟቹ ወንድሙ መልስ ያገኘ መስሎት ወደ እነርሱ ሄደ። አባቱም እንደ ሞተ ቈጠረው።

እንግዲህ ልጁን «ከሐዲ»፣ አባቱን «አረመኔ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አቼቤ ግን የአንዱንም የሌላውንም በር አልዘጋም። የደራሲው አባት ራሳቸው የክርስትና አስተማሪ ስለ ነበሩ፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሆኖ ያውቀው ነበር። ሚሲዮኖቹንም ቢሆን በአንድ ስም አልጠራቸውም። ሚስተር ብራውን ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ስለ እምነት ይነጋገራል፤ ሳያምንለትም ያዳምጠዋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ስሚዝ ግን ዓለምን ነጭና ጥቁር አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። እኔም በልጅነቴ ሁለቱን ዓይነት መምህራን አግኝቻለሁ። አንደኛው አባቴ ሊጠይቀኝ በመጣ ቍጥር በአስተርጓሚ አድርጎ ስለ ጤፍና ስለ ዝናብ ይጠይቀውና በደብተሩ ይጽፍ ነበር። ሌላው የማያውቀውን ነገር ሁሉ «ጨለማ» ይለው ነበር። አባቴ ስለ ሁለተኛው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ቆሎ የሚያካፍለው ለፊተኛው ብቻ ነበር።

የመጽሐፉ መጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣል። ኦኮንክዎ የመንግሥት መልእክተኛ ገድሎ ራሱን ይሰቅላል። የእንግሊዙ አስተዳዳሪ ሬሳውን አይቶ ሲመለስ፣ ሊጽፈው ስላሰበው መጽሐፍ ያስባል። ስለዚህ ሰው አንድ ምዕራፍ መጻፍ ይቻል ይሆናል ይላል፤ ወዲያው ግን ምዕራፍ ይበዛል፣ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ይወስናል። እኛ ከአንድ አንቀጽ በፊት የሰውየውን አባት፣ ሚስቶቹን፣ እርሻውን፣ ስደቱን፣ በሌሊት የታመመች ልጁን ተከትሎ በጨለማ የሄደበትን መንገድ ሁሉ አንብበናል። አስተዳዳሪው ሐሰት ጻፈ ሊባል አይችልም፤ የሚጽፈው ነገር በእርግጥ የተደረገ ነው። ነገር ግን አጭሩ እውነት ከውሸት የማይሻልበት ጊዜ አለ። ልብ ወለድ ውሸት ነው ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። የአስተዳዳሪው መጽሐፍ «እውነተኛ ታሪክ» ይባላል፤ የአቼቤው ደግሞ «ልብ ወለድ»። ሰውየውን በእውነት የምናገኘው ግን በየትኛው ውስጥ ነው?

አራተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1975 ዓ.ም. ሲሆን የሚናገረውም በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ስለ ተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ስለ ነበሩ ነገሩን ከውስጥ ሆነው ያውቁታል። ዋናው ባለ ታሪክ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራውም ለጦርነቱ ቃላት ማዘጋጀት ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሬዲዮ በወዲያ ወገን ለተሰለፈው ሁሉ የሚበቃ አንድ ቃል ነበረው፤ «ወንበዴ» ይለው ነበር። ቃሉን የሚያባዛው ጸጋዬ ግን አስመራ ገብቶ ከከተማይቱ ሰዎች ጋር ሲውል ሲያድር፣ ፊያሜታ የምትባለውን የአስመራ ልጅም ሲወድ፣ ቃሉ እየጠበበው ይሄዳል። ሰውን የሚያህል ልብስ በአንድ ክንድ ጨርቅ እንደማይሰፋ ሁሉ፣ ያንንም ሕዝብ በዚያች ቃል ማልበስ አልቻለም።

ስለ ፍቅሩ የተጻፈው ክፍል ችኮላ ይታይበታል፤ ሴቶቹንም ከሐሳባቸው ይልቅ በመልካቸው የበለጠ እናውቃቸዋለን። ቢሆንም መጽሐፉ ደፋር ነው። ድፍረቱም ዋጋ አስከፍሏል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረሩ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል።

እኔ ይህን መጽሐፍ የማነበው ከሌላ ሰው በተለየ ሁኔታ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ በዚያው በሰሜን ጦርነት ቀርቷል። መልካም ዜማ የሚያውቅ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ሲቈጣ የሚንተባተብ ሰው ነበር። ቤተሰቡ የደረሰው መርዶ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአቼቤ አስተዳዳሪ እንኳ አንድ አንቀጽ ፈቅዶ ነበር። በወዲያኛውም ወገን እንዲሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተላኩ መርዶዎች መኖራቸውን ሳስብ፣ «ኦሮማይ»ን አስቀምጬ ጥቂት ወደ ውጭ እመለከታለሁ።

የመጨረሻው መጽሐፍ አዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ የሚኖሩት መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፉት፣ ስሙም «የጥላው ንጉሥ» ማለት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በሚቀጥለው ዓመት ለቡከር ሽልማት ከታጩት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። ታሪኩ ስለ ኢጣሊያ ወረራ ነው። ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ በኪዳኔና በአስቴር ቤት ገረድ ናት። አባቷ የተወላትን ውጅግራ ጠመንጃ ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ኪዳኔ ጦር እየመራ ጠላትን የሚወጋ አርበኛ ነው። ያው ኪዳኔ ይህችን ልጅ በግፍ ይደፍራታል። እርሷም ይህ ግፍ ከደረሰባት በኋላ ለዚያችው አገር ተዋጊ ሆና ትሰለፋለች።

ይህን መጽሐፍ ያነበቡ አንዳንድ እኩዮቼ «አርበኞቻችንን አዋረደች» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። አርበኞች በባዶ እግራቸው ከመርዝ ጭስና ከአውሮፕላን ጋር የተዋጉ ናቸው፤ ክብራቸው በአንድ መጽሐፍ የሚቀነስ አይደለም። ይሁን እንጂ «አርበኛ» የሚለውም ቃል ቢሆን፣ ምንም እንኳ የተከበረ ቢሆን፣ ሰውን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም። ቃሉ ኪዳኔን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው፣ ከሥሩ ያለችውን ልጅ ማን ያያታል? ሰው በስድብ ብቻ አያጥርም፤ በምስጋናም ያጥራል። ይህን ያስተማረኝ ይህ መጽሐፍ ነው።

ከኢጣሊያኖቹም መካከል ኤቶሬ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ወታደር አለ። አለቃው ምርኮኞችን ከገደል ሲያስጥል እርሱ በትእዛዝ ፎቶግራፍ ያነሣል። አባቱ ግን አይሁዳዊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። በካሜራው ሌሎችን በአንድ ብልጭታ የሚጨርሰው ሰው፣ እርሱ ራሱ በአገሩ በአንዲት ቃል ሊጨረስ ነው። ደራሲዋ ይህን በማሳየታቸው ኤቶሬን ነጻ አላወጡትም። የጻፉት እንግሊዝኛ ግን እጅግ የተሸመነ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሼ ያነበብሁት ገጽ ብዙ ነው። ትንሽ ቀለል ቢል በወደድሁ ነበር።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እንዲህ ሁሉንም ሰው ከውስጡ ገብተን ከተረዳነው፣ በማን ላይ ልንፈርድ ነው? ግፈኛውም ምክንያት አለውና ይማር ልንል ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መረዳት ግን ማጽደቅ አይደለም። መልካም ዳኛ ከሳሽንም ተከሳሽንም ሰምቶ ይፈርዳል እንጂ፣ ሰማሁና ፍርድ ተውሁ አይልም። ኦኮንክዎ ያደገበትን ፍርሃት ማወቄ የኢኬሜፉናን ደም አያጥብም። ኪዳኔም አርበኛ መሆኑ የሂሩትን ዕንባ አያብስም። አባቴ ለፊታውራሪ አዝኖላቸው ነበር፤ መሬቱን ግን አልመለሰላቸውም። ፍርድና ርኅራኄ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ማደር እንደሚችሉ ካልተማረው ከዚህ ሰው ተምሬአለሁ። ሳያውቅ የሚፈርድ ሰው ግን ትክክለኛውን ፍርድ ቢፈርድ እንኳ በአጋጣሚ ነው፤ ነገ በንጹሑ ላይ በዚያው ፍጥነት ይፈርዳል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ልብ ወለድ ስታነቡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የጠላችሁትን ሰው ፈልጉና ምን እንደሚፈራ ጠይቁ። የምትወዱትን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም፤ ፍቅር ራሱ ያስረዳችኋል። የምትጠሉትን ለመረዳት ግን አስተማሪ ያስፈልጋል። መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ጉድለቱ የመጽሐፉ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ ይልቅ የምታደንቁትን ሰው ደግሞ ፈልጉና፣ በእርሱ ጥላ ሥር የተሸፈነ ማን እንደሆነ ተመልከቱ። በየታላቁ ሰው ቤት ውኃ የምትቀዳ አንዲት ልጅ አለች። ጥሩ ደራሲ ይጠራታል፤ ጥሩ አንባቢም ይፈልጋታል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉን ከዘጋችሁ በኋላ በዚያው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሕያው ሰው ላይ ሞክሩት። በአንዲት ቃል የምትጠሩት ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ አይጠፋም። ቃሉን ለጊዜው አስቀምጡና ከእርሱ ጋር ሻይ ጠጡ፤ ስለ አባቱ ጠይቁት። ምናልባት ሐሳባችሁን አትለውጡ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ ስትናገሩ ከአንድ ቃል በላይ ያስፈልጋችኋል። በልቦለድ ውስጥ ላሉት አልቅሶ በደጁ ያለውን የሚሰድብ አንባቢ፣ ዘሩን በጎተራ አስቀምጦ ማሳውን ጦም የሚያሳድር ገበሬ ይመስላል።

በእናንተ ዕድሜ አገር ስትረከቡ የምትረከቡት መሬቱንና ሕንፃውን ብቻ አይደለም። ሰው ስለ ሰው የሚናገርባቸውን ቃላትም ትረከባላችሁ። ከእኛ የተረከባችኋቸው ብዙዎቹ አጫጭርና ስለታም ናቸው። ረዘም አድርጋችሁ፣ አለስልሳችሁ፣ ሰውን በሚያህል መጠን ሰፍታችሁ ለተከታዮቻችሁ ብታስረክቧቸው፣ ከእኛ የተሻላችሁ መሆናችሁን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።